መኮሮኒ በኮላ

የመጋቢት አጋማሽ በመጣ ቁጥር ሮም ያለው ቤቴ ውስጥ መኮሮኒ ይረግፋል። ጣልያኖች የአባቶችን ቀን የሚያከብሩት በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ነው፤ በእነሱ ማርች 19፣ በእኛ መጋቢት 10። በዚያ ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት ካርቶን ታቅፋ ትመጣለች። ካርቶኑ ላይ ፀሐይ አለች። ፊቷ ከክብ ክብ ፓስታ፣ ጨረሯ ከፔኔ፣ በሥሯ የሚበሩት ቢራቢሮዎች ከፋርፋሌ ናቸው። ሁሉም ወርቃማ ቀለም ተቀብተው በነጭ ኮላ ተለጥፈዋል። «አባዬ፣ ይቺ አንተ ነህ» ትለኛለች። እቅፍ አድርጌ እስማታለሁ። ምን ልበል? ሰው በየቀኑ ፀሐይ አይባልም።

ወቅቱ ግን ሑዳዴ ነው። ከአገሩ ርቆ ሑዳዴን የጾመ ሰው የፓስታን ውለታ ያውቃል። ሽሮው ሲያልቅ፣ እንጀራው ሲጠፋ፣ ማታ ከሥራ ደክሞ ሲገባ፣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ቶሎ ደርሶ ጾም የማያስገድፍ እሱ ነው። እኔም ይህን ተማምኜ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ፓኮው የለም። ለካ ትምህርት ቤቱ «ለእጅ ሥራ ግማሽ ኪሎ ፓስታ ላኩ» ብሎ ኖሯል። እራቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ወርቅ ተቀብቶ፣ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

ይህንንም ልለፈው። ሌሊቱን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ኮላው እየደረቀ ሲሄድ ፀሐይቱ መበታተን ትጀምራለች። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጧ። ጠዋት በባዶ እግሬ ስነሣ አንዷ ፔኔ ተረከዜ ሥር ትገባለች። ሕመሙ ቀላል ነው፤ ከባዱ እህል መርገጤ ነው። ቁራሽ ዳቦ መንገድ ላይ ወድቆ ሲያዩ አንሥተው፣ ስመው፣ እግር የማይደርስበት ግንብ ላይ የሚያኖሩ እናቶች ናቸው ያሳደጉን። እና አነሣታለሁ፤ ስስማት ከንፈሬ ወርቅ ይሆናል። ከዚያስ? እንዳልበላት ቀለም ናት። እንዳልጥላት ጡር አለው። ለርግብ ብሰጣት ርግቧን መግደል ነው። ስለዚህ ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ አኖራታለሁ። ጣሳው በየዓመቱ እየሞላ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ስታየኝ ቆይታ «ለምን ፍታት አድርገህ አትገላገልም?» አለችኝ።

ፈረንጅ ልጁ ገና በእግሩ ሳይቆም ስሜቱን እንዲገልጽ ይፈልጋል፤ ክፋት የለውም። የገረመኝ ሌላ ነው። በአባቶች ቀን ልጄን ልቀበል ስሄድ ኮሪደሩ ላይ የክፍሉ ሥራ በሙሉ ተሰቅሎ ነበር። ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ፀሐይ። ጨረሩ እኩል፣ ቢራቢሮው ከአንድ አቅጣጫ። የእያንዳንዱ ልጅ ልዩ ስሜት እስከ ፔኔዋ ድረስ አንድ ዓይነት ነው። በላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈው «የልጆቻችን የፈጠራ ነጻነት» የሚል ነው።

በእኛ ጊዜ ደግሞ «እጅ ሥራ» የሚባል ትምህርት ነበር። እጅ ሥራን የሚያስታውስ ሁሉ እናቱን ያስታውሳል፤ ሠሪዋ እሷ ነበረችና። መምህሩ ዓርብ ዕለት «ሰኞ መጥረጊያ ሠርታችሁ ኑ» ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በመጥረጊያ ይሞላል። መምህሩ አንድ በአንድ እየተቀበሉ፣ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርገው፣ የጥቁር ሰሌዳውን ሥር ጠረግ ጠረግ አድርገውበት ማርክ ይሰጣሉ። የእናቴ መጥረጊያ ሰባ ከመቶ አገኘች። እናቴ ሰባ ማግኘቷን ስትሰማ ለቀናት አኮረፈች፤ በመምህሩ አይደለም፣ በእኔ። «አያያዝህ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ እግር መጥረጊያ፣ ሌላ ጊዜ ሰፌድ፣ ሌላ ጊዜ የድስት ማውጫ ይታዘዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ዕቃው ለባለቤቱ ሲመለስ ያየ የለም። የመምህሩ ግቢ ግን ከሰፈሩ ሁሉ የጸዳ ነበር።

በራሳችን እጅ የሠራነው የሽቦ መኪና ነበር። ወፍራሙን ሽቦ በድንጋይ አቃንቶ አካሉን ማውጣት፣ ካረጀ ሲሊፐር ላይ አራት ጎማ ቆርጦ ማውጣት፣ የጎማውን መሐል በጋለ ምስማር መብሳት፣ ከዚያ ረጅሙን መሪ አስረዝሞ ቆሞ መንዳት። አንዱ የሳርዲን ቆርቆሮ አጥፎ ጋቢና ይገጥማል። አንዱ ደግሞ መሪውን ሲያዞር የፊቱ ጎማ አብሮ የሚዞርበትን ዘዴ ያገኛል፤ ያ ልጅ ለአንድ ወር ሰፈሩን ይገዛል። ለዚህ ማርክ አልነበረም። ትምህርት ቤት ይዞት የመጣ መኪናውን ተቀምቶ ይገረፍ ነበር፤ «እየረበሸ» ተብሎ።

ሥዕል ሲባልማ ሁላችንም የምንስለው አንድ ነበር። ሁለት ተራራ፣ በመካከላቸው ፀሐይ፣ ከተራራው የሚወርድ ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር ጎጆ ቤት፣ ሰማይ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ ወፎች። ቆርቆሮ ሥር ተወልዶ፣ ጎጆ ሲባል የሰማ እንጂ ያላየ የከተማ ልጅ ጎጆ ይስላል። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ አቋቁመዋል፤ ስንትና ስንት ሠዓሊም ወጥቶበታል። እኛ ክፍል ግን የደረሱት ባለመጥረጊያው መምህር ናቸው።

ወደ ሮም ልመለስ። ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወርድ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንዛ በኩል አልፋለሁ፤ ቪያ ኩርታቶኔ የምትባለው አጭር ጎዳና የምትነሣው ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ «ሰፈራችሁን ሳሉ» ተብሎ የቤት ሥራ ተሰጣት፤ ሥዕሉን ለእኔ ተይው ማለት ቢያሳፍረኝ ታሪኩን ለእኔ ተይው አልኳት። ለካስ ይህ ሰፈር ጎዳናው ሁሉ ጦርነት ነው። ሶልፌሪኖ፣ ማጄንታ፣ ፓሌስትሮ፣ ሞንቴቤሎ፣ ካስቴልፊዳርዶ። ዳቦ ለመግዛት ሦስት ጦር ሜዳ ማቋረጥ አለብን። ኩርታቶኔ ራሷ ማንቶቫ አጠገብ ያለች ቦታ ናት። በሜይ 29 ቀን 1848 ከቶስካና የመጡ የፒሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ተሰልፈው ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋጉባት። የጂኦሎጂ መምህሩ ሌኦፖልዶ ፒላ እዚያው ቀሩ። ልጄ ይህን ስትሰማ «መምህራቸው አብሯቸው ሄደ?» አለች። አዎ። «እኛን ወደ መካነ አራዊት ስንሄድ እንኳ የምትሸኘን ረዳቷ ናት» አለች።

ከዚያ ወረድ ሲሉ አውቶቡስ የምንጠብቅበት አደባባይ አለ፤ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ለሐበሻ ልጅ መንገር ደስ ይላል፦ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ናቸው። ሮም የገባ ሐበሻ ሁሉ የመጀመሪያ ቀጠሮው እዚያ መሆኑን ራስ አሉላ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? አንድ የግብጽ ሐውልት ለእነዚያ ወታደሮች መታሰቢያ ተደርጎ ቆሟል። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ከለገሃር የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ከዚያ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ ደረስም በጁን 1938 ያንን አንበሳ አይቶ ሰይፉን እንደመዘዘ ሲነገረን አድገናል። አንበሳው በኋላ አገሩ ተመልሶ ለገሃር ቆሟል። እኔ ይህን ሁሉ ሳወራ ልጄ ሳለች። ተርሚኒ ጣቢያ ጥፍር አክሎ ወረቀቱ ጥግ ላይ ነው፤ የቀረው በሙሉ አንበሳ ነው። መምህሯ «ይህ አንበሳ ሰፈርሽ ውስጥ የት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። «አገሩ ገባ» አለቻት። ሥዕሉ ኮሪደሩ ላይ አልተሰቀለም። ፏፏቴና ዛፍ የሳሉት ተሰቀሉ።

መቼም ነገር አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም፤ ይህ የኮላ ነገር ከየት እንደመጣ ማሰላሰል ጀመርኩ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በእግር በሚደረስበት፣ ሳን ሎሬንዞ የሚባል ሰፈር አለ። ስማቸውን በአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ያላነበበ የማይኖር ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈቱት እዚያ፣ ቪያ ዴይ ማርሲ 58 ቁጥር ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 6፣ 1907 ነበር፤ በእኛ የገና ዋዜማ። የሠራተኛ ልጆች ነበሩ፤ እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ደረጃ ላይ የሚንከራተቱ። ሞንቴሶሪ ለእነዚህ ልጆች «ስሜታችሁን ሳሉ» አላሉም። ከብረት የተቆረጠ ክብና ሦስት ማዕዘን ሰጥተው ጠርዙን በእርሳስ እንዲከተሉ፣ ውስጡን በመስመር እንዲሞሉ ነበር የሚያደርጉት። እጅ ይሠልጥን፤ ሥዕሉ ራሱ ይመጣል ባይ ነበሩ። ብዙዎች ደረቅ ናቸው ብለው ወቅሰዋቸዋል። እኔ ግን አንድ ነገር አስወደደኝ፦ ምሳ ሲደርስ የሾርባውን ሳህን ተሸክመው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚያድሉት ትንንሾቹ ልጆች ራሳቸው ነበሩ። እህል በሆድ ይገባል እንጂ በግድግዳ አይሰቀልም።

ሌላው አልቤርቶ ማንዚ ናቸው፤ የሮም አስተማሪ። ከ1960 እስከ 1968 በጣልያን ቴሌቪዥን ማንበብ ለማይችሉ አዋቂዎች ፊደል ያስተማሩ። ትልቅ ነጭ ወረቀት ፊት ይቆሙና በከሰል ጭረት ጭረት ያደርጋሉ። ተመልካቹ ምን ሊሆን ነው እያለ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ጭረቱ ወፍ ወይም ቤት ይሆንና ፊደሉ ከሥሩ ይከተላል። ኮላ የለ፣ ብልጭልጭ የለ፤ ከሰልና ወረቀት ብቻ። እኒሁ ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ለየተማሪው የጠባይና የችሎታ መግለጫ ጻፉ ሲላቸው እምቢ ብለው ከሥራ ታገዱ፤ ሲመለሱም ማኅተም አስቀርጸው በሁሉም ልጅ ወረቀት ላይ አንድ ቃል መቱበት፦ የሚችለውን ያደርጋል፣ የማይችለውን አያደርግም። ይህ ማኅተም ለእናቴ መጥረጊያ ደርሶ ቢሆን እላለሁ።

ቪያ ኩርታቶኔ ላይ ግን ጨዋታዬ ያልቅብኛል። እዚያ ጥግ ላይ ያለው ትልቅ ሕንጻ የቢሮ ሕንጻ ነበር። ባዶውን ተቀምጦ ሳለ በኦክቶበር 2013 ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞች ገቡበት፤ ብዙዎቹ ወረቀት ያላቸው፣ ቤት የሌላቸው። ስምንት መቶ ገደማ ሰው ይኖርበት ነበር፤ ልጆች ከዚያ ተነሥተው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በኦገስት 19 ቀን 2017 ማለዳ ፖሊስ መጥቶ አስወጣቸው። ቀኑን ወደ እኛ ስትመልሱት ነሐሴ 13 ነው። ቡሄ! ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ የሰው በር የሚያንኳኩበት፣ ባለቤቱም ሙልሙል ይዞ የሚወጣበት ቀን። ሰዎቹ ፒያሳው መሐል ካለው የአትክልት ቦታ ላይ ሻንጣቸውን ተንተርሰው አደሩ። ከአምስት ቀን በኋላ በውኃ መድፍ በተኗቸው። ነሐሴ ላይ የሚረጭ ውኃስ ከሰማይ ብቻ ነበር የምናውቀው።

ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ከለር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቦታ ቤት ላጡ ቤተሰቦች ልጆች የሥዕል ፕሮግራም ሲዘጋጅ አስተርጓሚ ሆኜ ሄጄ ነበር። አዘጋጇ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ነው ያናደደኝ። አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቀባው። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ባሕሩ ነው?» በልልኝ አለች። ጠየቅኩት። «አይ፣ ናፖሊ ነው» አለ፤ ማሊያው ነበር። ቁጥሩን ገና አልጻፈውም። ልጁ ባሕር ተሻግሮ አያውቅም፣ ሮም ነው የተወለደው። እሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «እንግዲያው ቤትህን ሳልልኝ» አለች። ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝና «የቱን?» አለኝ።

የቱን! ተረጎምኩላት። «የፈለገውን» አለች። የፈለገውን ቤት በወረቀት ላይ እንዲያገኝ መሆኑ ነው! ከለር የሚታደለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ርካሽ ስለሆነ ነው። አንድ ፓኮ ከለር ከቁርስ ዋጋ አይበልጥም፤ የአንድ ክፍል ኪራይ ግን ብዙ ስብሰባ ይፈልጋል። እና ትልልቅ ሰው ተሰብስቦ መስጠት ያለበትን ሳይሰጥ ሲቀር ልጁን ቁጭ አድርጎ «ምን ተሰማህ?» ይለዋል። የተሰማውን ሲናገር ደግሞ አይሰማውም፤ ጀልባ ነው የሚጠብቀው። ጀልባ የሳለው ኤግዚቢሽን ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በካታሎግ ይታተማል። የናፖሊ ማሊያ የሳለው ወረቀቱን አጥፎ ቤቱ ይወስዳል፤ ቤት ካለው።

ልጁስ ምን አደረገ? ምንም አልመሰለውም። ጀርባው ላይ 10 ቁጥር ጻፈ፣ ጫማ ጨመረበት፣ ከዚያ እኔን «አንተስ የማን ደጋፊ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስንከራከር ዋልን።

ደግሞ እኛስ ብንሆን? የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሳለ ሰው አፉን ሞልቶ ስለ ፈጠራ አያወራም። ወረቀቱን ዘይት ቀብተን አሳላፊ አድርገን፣ ያለፈውን ዓመት ገብርኤል ከሥሩ አስተኝተን በእስክሪብቶ መገልበጥ ነው። ክንፍ፣ ሰይፍ፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ፣ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ»። ጥበቡ ያለው ሥርጭቱ ላይ ነበር፤ የቱ ቤት አስቀድሞ ይሄዳል፣ የቱ ግቢ ውሻው ይታሰራል፣ የትኛዋ እትዬ ሳንቲም ሳይሆን ብር ይሰጣሉ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ግን ገብርኤልን ሁልጊዜ የእጅ ሰዓት አስሮለት ነበር የሚስለው። ለምን ሲባል «በሰዓቱ ስለሚደርስ» ይላል። አንዲት አሮጊት ከሁላችንም አብልጠው የሚሰጡት ለእሱ ነበር፤ ሥዕሉንም ከምስለ ቅዱሳኑ ጎን ሰቅለውታል። አሁን ፎቶ ኮፒ ሆኗል፣ በመቶ የሚቆጠር በአንድ ጊዜ ይባዛል አሉ። ሰዓት ያሰረ መልአክ ግን ከማሽን ሲወጣ አላየሁም።

ልጄን ይህን አስተምሬያት ነበር። እዚህ ሴፕቴምበር 11 ሲነጋ በየበሩ ማንኳኳት የሚያመጣው ጣጣ ስላለ፣ አበባዋን ስላ በየደብዳቤ ሳጥኑ ከተተች። ሁለት ጎረቤቶች ቸኮሌት ሰጧት። አንዱ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ያለው ጡረተኛ፣ የሕንጻው አስተዳደር ማስታወቂያ መስሎት ከታች ሰሌዳው ላይ ለጠፈው፤ «አሳንሰሩ ተበላሽቷል» ከሚለው አጠገብ። አሳንሰሩ ከተሠራ በኋላም አደይ አበባዋ ብዙ ሰነበተች። አንዳንዱ ነዋሪ ምን ክፍያ እንደሚጠየቅበት ለማወቅ መነጽሩን አድርጎ ሲያነባት አግኝቻለሁ።

አሁን የተያዝኩት በሌላ ነው። በሜይ ሁለተኛው እሑድ የእናቶች ቀን ነው፤ የወላጆች ዋትሳፕ ላይ መልእክት መጣ፦ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ኪሎ ምስር ይዞ ይምጣ። ምስር! ፓስታስ የእነሱ ነው፣ እንደፈለጉ ያድርጉት። ሑዳዴ ገና አላለቀም። ከሥሩ ወላጆቹ ይጠያየቃሉ፤ አንዷ ቀዩ ነው አረንጓዴው ትላለች፣ አንዱ ከማዳበሪያ ነጻ የሆነውን ልግዛ ወይ ይላል፣ ሌላዋ ልጇ አፍንጫው ውስጥ እንዳይከት ፈርታለች። እኔ ዝም አልኩና የሐበሻ ሱቅ ሄድኩ።

«የምስር ክክ ስንት ነው?»

«ለወጥ ነው?» አለችኝ ባለሱቋ።

«ለሥዕል ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ክኩን አስቀመጠችና ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ ሌላ ከረጢት ጎተተች። «ለሥዕል ከሆነማ ወንድሜ፣ የነቀዘ ድፍን አለኝ፤ በግማሽ ዋጋ ውሰደው።»

ነቀዙ ከነሕይወቱ ነው ወይስ ሞቷል ብዬ ብጠይቃት «እሱን ልጆቹ ያዩታል» ትለኛለች። ቀስ ብላ ደግሞ የቆየ ባቄላም እንዳላት ነገረችኝ፤ ለአባቶች ቀን ካሰብኩ።